በቀደር ማመካኘት

እዚህ ድሬዳዋ፣ መጋላ የሚኖር ወጣት ጎረቤቴ በኦቦክ በኩል በትንሽ ሞተር ጀልባ ወደ የመን ሊሻገር መቁረጡን ነገረኝ። «ባሕሩ ይበላሃል» ስለው፣ «ቀደሬ ከሆነ እዚህም እሞታለሁ» አለኝ።

እርግጥ ዕድሜ በአላህ እጅ ነው። ይሁንና በመስከረም 2017 ከየመን 310 ሰዎች ጭነው የተነሱ ሁለት ጀልባዎች ጅቡቲ ዳርቻ ሲቃረቡ፣ አሻጋሪዎቹ መንገደኞቹን ባሕር ውስጥ አስወርደው ቢያንስ 45 ሰዎች አልቀዋል። ይህንንም ግፍ «ቀደር» ብለን እንለፈው? ቀደር ለደረሰ መከራ መጽናኛ እንጂ ሰበብ ላለማድረስ ምክንያት አይደለም። ሳይዘራ «ተወከልኩ» የሚል ገበሬ የለም።

ይህን ብዬ መከርኩት፤ ዝም አለኝ። ዝምታው ወደ ራሴ መለሰኝ። ሥራ አጥቶ ሲቀመጥ አንድ ቀን እንኳ ደጁን አላንኳኳሁም። ነገ ስለ ጎረቤቴ ስጠየቅ እኔስ «ቀደሩ ነው» ልል ነው?