ያየና የሰማ

ሰው ራሱ ያልመረመረውን ነገር፣ ነገሩ እውነት ቢሆንም እንኳ፣ «ዐውቃለሁ» ብሎ መናገር ይገባዋልን? በዳኛ ፊት የቆመ ምስክር «ሰምቻለሁ» ያለ እንደ ሆነ፣ ቃሉ «አይቻለሁ» ካለው ሰው ቃል ጋር እኩል አይመዘንም። በትምህርት ቤት ግን ብዙ ጊዜ የሚመሰገነው የሰማውን አጥርቶ የሚደግመው ልጅ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ከመቱ በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በቡሬ፣ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ድንኳን ተክለው ጥቂት ቀን በሜዳ ሰነበቱ እንበል። ልጆቹ እንጨት ለቅመው፣ ሦስት ጉልቻ ጎልተው ውኃ ይጥዳሉ፤ ቴርሞሜትርም ያገቡበታል። መጽሐፋቸው «ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ይላል። የቡሬ ከፍታ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፣ ውኃው እየተንተከተከ መለኪያው 94 አጠገብ ሲደርስ ይቆማል። እሳቱን ቢያነዱትም ከዚያ አያልፍም።

እንግዲህ ልጁ በደብተሩ ምን ይጻፍ? ብዙዎቻችን በልጅነታችን 100 ብለን ጽፈን አልፈናል፤ ፈተናው የሚጠይቀው ይህንኑ ነበርና። ጉዳቱ ግን በሳይንስ ትምህርት ብቻ የሚቀር አይደለም። መርማሪውን ለማስደሰት ዓይኑ ያየውን መሰረዝ የለመደ ልጅ፣ አድጎ በመሥሪያ ቤት ወንበር በተቀመጠ ጊዜ፣ የቈጠረውን ትቶ አለቃው የሚወደውን ቍጥር በሪፖርቱ ያሰፍራል።

«ታዲያ መጽሐፉ ዋሽቷልን?» የሚል ይኖር ይሆናል። አልዋሸም፤ መጽሐፉ የሚናገረው በባሕር ወለል ከፍታ ስላለው ውኃ ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ በየ300 ሜትሩ የመፍያው ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ያው ድስት፣ የቡሬ ቡና ቀድሞ ወደ ባሮ ወንዝ ወደብ ይወርድበት በነበረው መንገድ ወደ ጋምቤላ ቢወሰድ፣ በዚያ ቆላ ውኃው የሚፈላው 98 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ይህን የመረመረ ልጅ መጽሐፉን አይንቅም፤ ይልቁንም ቃሉ የሚሠራበትን ስፍራ ለይቶ ስለሚያውቅ አብልጦ ያከብረዋል።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ «አባቶቻችን የተማሩት በቃል ጥናት ነው፤ በሜዳ መዋል ጨዋታ ነው» ይላሉ። በቃል ማጥናት ትልቅ ጥበብ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን በቅኔ ቤት የሌላውን ቅኔ ብቻ የሚያነበንብ ተማሪ ባለቅኔ አይባልም፤ የራሱን መቍጠር አለበት። በኢሉባቦር ገጠርም ቀፎ መስቀልን የሚማር ልጅ ከአባቱ ጋር ዛፍ ይወጣል እንጂ በወሬ አይማርም። እንግዲያስ በእጅ መርምሮ ማወቅ ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም። ልጆቹ በድንኳኑ ዙሪያ የሚያሰሙት የደስታ ጩኸትም የስንፍና ምልክት ሊመስለን አይገባም፤ አንድን ነገር በገዛ ዓይኑ ያረጋገጠ ሰው ደስታ ነው።

ድስትና ቴርሞሜትር ብዙ ወጪ አይጠይቁም። ከባዱ ነገር የመምህሩ ድርሻ ነው፤ ይኸውም 94 ብሎ የጻፈውን ልጅ «ተሳስተሃል» ብሎ ከማሳፈር ይልቅ፣ «ያየኸውን ጽፈሃል፤ ምክንያቱን አብረን እንፈልግ» ማለት ነው። ይህን ያለ መምህር ክብሩ አይቀንስበትም። ለአገሩም ያየውን አየሁ፣ ያላየውን አላየሁም የሚል ታማኝ ምስክር ያፈራላታል።