አዋራ ሁን

ማለዳ ላይ ዘንገና ሐይቅ የለም፤ ያለው ጉም ነው። ከጠርዙ ቆሞ ቁልቁል ላየ ሰው ክቡ ገደል አፍ እስከ አፉ ባዘቶ የተጠቀጠቀበት ይመስለዋል። ረፈድ ሲል ጉሙ ይሳሳል፤ መጀመሪያ ማዶ ያሉት ዛፎች፣ ቀጥሎ ውሃው ይወጣል። ጥቁር ለማለት ትንሽ የቀረው አረንጓዴ ውሃ ነው። ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር ይደርሳል ይባላል። የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ነውና ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ነው የሰፋው።

ከአጎቴ ጋር እዚያ የተቀመጥነው በጥር ወር ነው። ጥር 23 ለሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ መጥቼ ነበርና በማግስቱ «ዘንገናን ሳታይ አትመለስም» ብሎ ይዞኝ ሄደ። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከጀርባችን በአስፋልቱ ከሰል የጫነ አይሱዙ እያቃሰተ አለፈ። የአካባቢያችን ገበሬ ማሳው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እየተከለ ማክሰል ከጀመረ ወዲህ የመንገዱ ጭነት ይኸው ሆኗል። አጎቴ የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ ፈገግ አለና ያንን ዘፈን በጉሮሮው ጀመረ።

ዘፈኑ የህንድ ነው። ራጅ ካፑር ራሱ አዘጋጅቶ ራሱ በተወነበት፣ እ.ኤ.አ. በ1951 በወጣው «አዋራ» በተባለ ፊልም ውስጥ ይገኛል። የዘፈኑ ስም ደግሞ «አዋራ ሁን» ነው። አማርኛ የሚያውቅ ጆሮ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሆን አንባቢ ይገምት።

አጎቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ከመርካቶ ጨውና ጨርቅ ጭነው ወደ ጎጃም፣ ከጎጃም ጤፍና በርበሬ ጭነው ወደ መርካቶ። ያኔ መንገዱ ጠጠር ነው። የረዳት ቦታ ጋቢና አይደለም፣ ጭነቱ ላይ ነው። ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጡ መኪናው ትንፋሽ ባጠረው ቁጥር ታኮ ይዞ ዘሎ የሚወርደው እሱ ነው። ዳገቱን ሲጨርሱ ከዓይኑ ብሌን በቀር አዋራ ያልሸፈነው ነገር አልነበረውም። ታዲያ አንድ ቀን አዲስ አበባ ሲያድሩ ሾፌሩ ደስ ብሎት ሲኒማ ቤት ይዞት ገባ። ቋንቋው ሂንዲ ነው፤ የገባው የለም። አንድ ጎበዝ ባርኔጣውን አዘንብሎ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ባለቀ ጫማ መንገድ ለመንገድ እየዘፈነ ሲሄድ ግን አየ። ከዘፈኑ ሁለት ቃል ያዘ። ሁለቱንም ያውቃቸዋል! አዋራ። ሁን። ይህ ለኤንትሬ ረዳት የተሠራ ዘፈን ነው ብሎ ደመደመ።

አያቴ ናት የደነገጠችው። እቤት የሚነገረው አውኚ ነው፤ አማርኛ የቤተ ክርስቲያንና የገበያ ቋንቋዋ ስለሆነ ቃሉን ሁሉ ክብደት ሰጥታ ነበር የምትሰማው። «አፈር ስሆን» ተብሎ እንደሚለመን ታውቃለች፤ «አፈር ብላ» ተብሎ እንደሚረገምም ታውቃለች። «አዋራ ሁን» ከየትኛው ወገን እንደሆነ አልለይላት አለ። «ልጄ፣ ራስህን አትርገም» ትለው ነበር።

እኔ ነፍስ ሳውቅ አጎቴ ሾፌር ሆኗል። በመጣ ቁጥር መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቁሞ እናቱን ይጠይቃል፤ ሊሄድ ሲል እኛ ልጆች ከኋላ እንሰለፋለን። ሞተሩን ያስነሳል፣ ክንዱን በመስኮት ያወጣል፣ ዘፈኑን ይጀምራል፤ ከሁለቱ ቃላት ቀጥሎ በሩን በመዳፉ ሁለት ጊዜ ይደልቃል። ጷ፣ ጷ። ረዳት ሆኖ «ሳበው» ለማለት የመኪናውን አካል ሲመታ የለመደው ነው፤ መሪ ከጨበጠ በኋላም እጁ አልተወውም። ከዚያ ያ ቀይ አዋራ ተነስቶ ይውጠናል። እኛም በውስጡ እየሮጥን፣ እየሳልን፣ ዘፈኑን እንቀበላለን። የታዘዝነውን ፈጽመን አዋራ ሆነናልና ደስታችን ወሰን የለውም።

ትርጉሙን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። መምህራችን ህንዳዊ ነበር፣ የኬራላ ሰው። የአፍ መፍቻው ማላያላም ነውና ሂንዲን የተማረው እንደኛ እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት ነው። ዘፈኑን ሳንጎራጉርለት ዓይኑ በራ፤ እሱም ተቀበለኝ። ከዚያ ነገረኝ፤ «አዋራ» ማለት ቤት የሌለው ተንከራታች፣ «ሁን» ማለት ደግሞ «ነኝ»። ተንከራታች ነኝ። የተሰረቅሁ ያህል ከፋኝ። ውሎ አድሮ ግን አንድ ነገር ገረመኝ፦ የነሱም ሁን፣ የኛም ሁን፣ ከ«መሆን» አልወጡም። የኛው ትእዛዝ፣ የነሱ ኑዛዜ ነው እንጂ።

ሙዚቃ ቋንቋ የለውም የሚባለውን አልቀበልም። እኛ ያን ዘፈን የወደድነው ቋንቋ ስላልነበረው አይደለም፤ የራሳችንን ቋንቋ ስላገኘንበት ነው። ባይገባንማ ኖሮ ዜማው ብቻውን የት ድረስ ይወስደን ነበር? ገብቶናል ብለን ነው የያዝነው። ሌላውም ዓለም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ፊልሙ ሲታይ ከ60 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተቆርጧል፤ በሰሜን ናይጄሪያ ደግሞ የሐውሳ ዘፋኞች የህንድ ፊልም ዜማ እየወሰዱ በራሳቸው ቋንቋ መንዙማ ሠርተውበታል። እነሱ ግጥሙን መለወጥ ነበረባቸው። እኛን ከዚያ ድካም ጆሯችን አዳነን።

ከትርጉሙ በኋላ የዘፈኑን ባለቤት ፍለጋ ገባሁ፤ እሱም አንድ ሰው አልሆነልኝም። አጎቴ ያየው ጎበዝ አፉን ነው ያንቀሳቀሰው፤ ድምፁ የሙኬሽ ነው። ዜማው ሻንካርና ጃይኪሻን የተባሉ ሁለት ሙዚቀኞች የሠሩት ነው። ግጥሙን የጻፈው ሻይሌንድራ ቦምቤይ ውስጥ በባቡር ጥገና ቤት የሠራ ሰው ነበር፤ ይህን ሳነብ፣ አልደብቅም፣ ከሁሉም እሱን አጎቴ ቢያገኘው ብዬ ተመኘሁ። ሻይሌንድራ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፣ ያውም በራጅ ካፑር የልደት ቀን። ሙኬሽ ከአሥር ዓመት በኋላ ለዝግጅት በሄደበት በዲትሮይት አረፈ። አጎቴ ዘፈኑን ጎጃም ሲያመጣው እንግዲህ ገጣሚው ሞቷል፤ ዘፋኙ ግን ነበረ።

ጉሙ ከውሃው ላይ ሲነሳ፣ ለዓመታት የያዝኩትን ነገርኩት። «ጋሼ፣ አዋራ እኮ በነሱ ቋንቋ ተንከራታች ማለት ነው።»

ዞሮ እንኳ አላየኝም። «በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ መንገድ ላይ ነበር» አለ።

ይህን ምን ብዬ እመልሳለሁ? ስልኬን አወጣሁ። ቪዲዮውን ከአዲስ አበባ ስነሳ ጭኜው ነበር። ስክሪኑ ላይ ፀሐይ ስላረፈ ጋቢውን እንደ ጥላ ከልሎ አጎነበሰበት። አኮርዲዮኑ ሲሰማ ራሱን መነቅነቅ ጀመረ።

«ይኼ ልጅ አላረጀም» አለ።

«ድምፁ ግን የሱ አይደለም። ሌላ ሰው ነው የዘፈነለት፣ ሙኬሽ የሚባል።»

«ደህና ይዘፍናል።»

ሁለቱ ቃላት መጡ። የአጎቴ መዳፍ ከጋቢው ስር ወጥቶ የተቀመጠበትን ድንጋይ ሁለት ጊዜ ደለቀ። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ግን ሳይመታ አለፈ። አጎቴ ቅንድቡን ሰቅሎ አየኝና ምናልባት በሚቀጥለው ዙር ያስታውስ ይሆናል ብሎ ጠበቀ። ቃላቱ ተመልሰው መጡ። ድንጋዩ ጷ፣ ጷ አለ።

«አሁንም ዘለላት» አለኝ።