ቍጥር ምስክር ነው ወይስ ዳኛ?

ሰው ያለውን ሁሉ መስፈርና መቍጠር ይወዳል። እህሉን በቁና፥ ዕድሜውን በዓመት ይለካል። በዛሬው ዘመን ደግሞ የወጣቶች ጉልበትና ፍጥነት እየተለካ በመዝገብ ይጻፋል፤ አሠልጣኙም መዝገቡን ተመልክቶ አንዱን ይመርጣል፥ ሌላውን ያሰናብታል። ይህ አሠራር ትክክል ነውን? እኔ እንደሚመስለኝ፥ መልሱ ቍጥሩን በምን ወንበር እንዳስቀመጥነው የሚታወቅ ነው።

በመጀመሪያ ቍጥርን ማመስገን ይገባል። ቍጥር ዘመድ አያውቅም፤ መልክ አይቶም አያደላም። በአሜሪካ ኳስ በዱላ እየመቱ የሚጫወቱት ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ አለ። የኦክላንድ ከተማ ቡድን ገንዘቡ ጥቂት ስለ ነበረ፥ ሌሎች የናቋቸውን ተጫዋቾች በቍጥር እየመረመረ ሰበሰበ። ስኮት ሃተበርግ ክንዱ ተጎድቶ በቀድሞ ቦታው መጫወት አልቻለም ነበር፤ ነገር ግን ከጨዋታ ሳይወጣ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ብዙ ጊዜ እንደሚደርስ መዝገቡ ስለ መሰከረለት ተቀበሉት። ቡድኑም በነሐሴ 1994 ዓ.ም. 20 ግጥሚያ በተከታታይ አሸነፈ፤ በ20ኛው ግጥሚያ ማሸነፊያውን ኳስ የመታ ያው ሃተበርግ ነበረ። እንግዲህ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ገጠር ተነሥቶ ለሚመጣ፥ የሚናገርለት ወገን ለሌለው ልጅ፥ በሰዓት የተያዘ ሩጫው አፍ ሆኖ ይናገርለታል።

ሆኖም ምስክር ሁሉ ይመረመራል። ደኅና ዳኛ «የት ቆመህ አየህ?» ብሎ ሳይጠይቅ አይፈርድም። አውስትራልያዊው ሮን ክላርክ በ1957 ዓ.ም. 10,000 ሜትር በ27 ደቂቃ ከ39.4 ሴኮንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ይዞ ነበር። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ግን ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ከፍ ባለችው በሜክሲኮ ከተማ አየሩ ሳስቶበት 6ኛ ወጥቶ ወደቀ። ያሸነፈው ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ የፈጀው 29 ደቂቃ ከ27.4 ሴኮንድ ነበረ። በዚያው ከተማ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ያሸነፈው በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ሲሆን፥ ይህ አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. በቶክዮ ከሮጠበት ከ8 ደቂቃ በላይ የዘገየ ነው። ታዲያ የማሞ ድል አነሰን?

ነፋስ መውጫ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። በዚያ ብርድና ዳገት የሮጠ የጋይንት ልጅ፥ በቆላ ሜዳ ከሮጠ ልጅ ጋር በሰዓት ብቻ ቢመዛዘን ፍርድ ይጓደላል። ልጁ ያን ቀን ምን ቀምሶ መጣ? ስንት መንገድ በእግሩ ተጓዘ? ባለፈው ወር ስንት ነበረ፥ ዛሬስ ምን ያህል አሻሻለ? መዝገቡ የሚጠቅመው ይህ ሁሉ ከጐኑ ሲጻፍ ነው።

ስለዚህ ቍጥር ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ቍጥሩን ወደ ጐን ትቶ የወደደውን ብቻ የሚመርጥ አሠልጣኝ፥ ምስክር ያፈነ ዳኛ ነው። «ያሰናበተህ ሰዓቱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» የሚለውም ፍርዱን ለዕቃ አስረክቦ ከኀላፊነት የሸሸ ነው። ብረት አያፍርም፥ አይጠየቅምም፤ የሚጠየቀው ሰው ነው።

ወጣቶች ሆይ፥ ነገ መምህር ወይም ሹም ስትሆኑ የሌላው ሰው ዕድል በመዝገብ ተጽፎ በፊታችሁ ይቀርባል። መዝገቡን አንብቡ፥ መርምሩም፤ ከዚያ በኋላ ግን ቀና ብላችሁ የባለቤቱን ፊት ተመልከቱ፤ ፍርዱንም በራሳችሁ ስም ስጡ።