የተለመነ ኀዘን

ፎቶግራፍ አንሺ ያየውን ይመዘግባል ወይስ እንዲታይ የሚሻውን ይፈጥራል? ጥያቄው የከያኒን ኅሊና የሚፈትን ነው።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1945 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሲሞቱ፣ የ16 ዓመቱ የኒውዮርክ ወጣት ስታንሊ ኩብሪክ አንድ ጋዜጣ ሻጭ ፎቶግራፍ አነሣ። ሰውየው የሞቱን ዜና በያዙ ጋዜጦች ተከቦ፣ ጉንጩን በእጁ ደግፎ ተክዞ ይታያል። ፎቶግራፉን «ሉክ» የተባለው መጽሔት ገዛው። ኩብሪክ በኋላ እንደ ተናገረው ግን፣ ሻጩ ያዘነ መስሎ እንዲታይ ያግባባው እርሱ ራሱ ነበር።

ታዲያ ይህ ሐሰት ነውን? ሞቱ እውነት፣ የሕዝቡም ኀዘን እውነት ነበር፤ የተለመነው የአንድ ሰው ፊት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ተመልካቹ ያመነው ያንኑ ፊት ነው።

ወጣቱ ከዚያ ወዲህ በመብራትና በካሜራ ብዙ ሞከረ። በ1951 ለሕዝብ በቀረበው «የፍልሚያው ዕለት» በተሰኘ አጭር ፊልሙ፣ ቦክሰኛው ዋልተር ካርቲየር ከእንቅልፉ ሲነቃ የሚታየው ለካሜራ ተዘጋጅቶ ነው። ግጥሚያው ግን አይደገምም። ስለዚህም ኩብሪክና ጓደኛው አሌክሳንደር ሲንገር በየካሜራቸው ተከታተሉት። የተዘረረውን ተጋጣሚ «እንደገና ውደቅ» የሚለው ማን ነው?

መብራት ማብራት በራሱ ነውር የለበትም፤ ያለ ብርሃን ፎቶግራፍ የለምና። በመድረክ ላይ እንባ ሲፈስም ተመልካቹ የተዋናይ እንባ መሆኑን ዐውቆ አብሮ ያለቅሳል፤ የተታለለ የለም። በዜና ገጽ ላይ ግን እንዲህ ያለ ስምምነት የለም። ኩብሪክ በኋላ ወደ ልብ ወለድ ፊልም መሻገሩ ለዚህ ጥበቡ ትክክለኛውን ቤት አስገኘለት። ፊትን የሚለምን ከያኒ፣ መለመኑን በማይሸሽግበት ስፍራ መቆም ይገባዋል።