አሮጌ ቤት የማን ዕዳ ነው?

ከአባቶቻችን የወረስነውን ሕንፃ መጠበቅ ተገቢ መሆኑን የሚክድ ሰው እምብዛም አይገኝም። ችግሩ የሚመጣው መጠበቁ ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑ ሲታወቅ ነው። ክብሩ የሁሉ ሆኖ ሳለ ወጪው የአንድ ባለቤት ብቻ ቢሆን ፍርዱ ትክክል ይሆናልን? ይህ የግንበኛ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የሕሊናም ጥያቄ ነው።

ለምሳሌ ሐረርን እንመልከት። በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል፤ ከተማዋም በፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች። ነገር ግን የጀጎል ክብር በግንቡ ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ሰው ይኖርበታል። የሐረሪ ቤት ከፍና ዝቅ ተደርገው የተሠሩ አምስት መደቦች አሉት፤ በእነርሱም ላይ ታላቅና ታናሽ፣ ቤተ ሰብና እንግዳ እንደየማዕርጉ ይቀመጣል። ግድግዳው ሴቶች በእጃቸው በሰፏቸው ስፌቶች ያጌጣል። አፎቻ የሚባለውም ማኅበር ጎረቤትን ለሠርግና ለለቅሶ ያሰባስባል። እንግዲህ ሰዎቹ ወጥተው ቤቶቹ ለጐብኝ ብቻ ቢቀሩ፣ መደቡ ይኖራል፤ በመደቡ ላይ ይቀመጥ የነበረው ሥርዓት ግን ይጠፋል።

ቅርስ በሕዝቡ፣ ሕዝብም በቅርሱ የሚጸና መሆኑን ከኛ ራቅ ብላ በማሊ አገር የምትገኘው የጄኔ ከተማ ታስረዳለች። በ1907 እንደ ገና የተሠራው ታላቁ መስጊዷ የጭቃ ጡብ ነው። ዝናም ስለሚያጥበው የከተማው ሕዝብ በየዓመቱ በአዲስ ጭቃ የመምረግ ልማድ አለው። ግንበኞቹ ሥራውን ይመራሉ፤ ጐልማሶች ጭቃ ይሸከማሉ፤ ሴቶች ውሃ ያመላልሳሉ። ለተመልካች የሕንፃው ድካም መስሎ የሚታየው ነገር ለከተማው ብርታት ነው፤ ሰፈር ከሰፈር የሚተባበረው፣ ልጅም ሙያውን ከአባቱ የሚማረው ጭቃው ስለማይጸና ነውና።

ይሁን እንጂ ፍቅር ብቻውን ጣራ አይጠግንም። አንድ ድኻ በአሮጌ ቤት ይኖራል እንበል። ጣራው ሲያፈስ በቆርቆሮ ልክደነው ቢል ክልክል ነው ይባላል፤ በቀድሞው አሠራር ላድሰው ቢል እንጨቱም ባለሙያውም ከዐቅሙ በላይ ይሆንበታል። እንዲህ በሆነ ጊዜ የሚከለክለውን እጅ ዘርግቶ የሚረዳውን እጅ ማጠፍ፣ ድኻውን በገዛ ቤቱ ደመወዝ የሌለው ዘበኛ ማድረግ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ባለቤቱ «ቤቴ ነውና እንደ ወደድሁ አፈርሰዋለሁ» ቢል፣ ከእርሱ በፊት የሠሩትንና ከእርሱ በኋላ የሚወርሱትን መዘንጋቱ ነው።

ስለዚህ አሮጌ ቤት የአንድ ሰው ንብረት ሲሆን የብዙ ሰው አደራ ነው፤ ዕዳውም መከፋፈል ይገባዋል። ባለቤቱ ቤቱን በእንክብካቤ ይያዝ፤ የሚከለክለው ሹም የማደሻውን ወጪ ይጋራ፤ ከጐብኝ የሚገኘው ገንዘብ ከፊሉ ለጠጋኙ ይድረስ፤ መምህሩም የግንበኝነትን ሙያ ለተማሪው ያስከብርለት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባላል። የአባቶቻችንም ቤት እንዲሁ ነው፤ ለብቻው የተሸከመውን ያጐብጠዋል፤ በኅብረት የያዙትን ግን ያስከብራቸዋል።