ከላይ የሚያይ ሰው ዕዳ

ከፍ ብሎ ማየት ለደገኛ አዲስ ነገር አይደለም። እረኛው ከአምባው ጫፍ ሆኖ ቆላውን፣ መንደሩን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ይቃኛል። ሲመሽ ግን ይወርድና ቀን ከላይ ባየው መንደር ራቱን ይበላል። አውሮፕላን ይህን ግዴታ አስቀረ፤ ሳይወርዱ ማየት ተቻለ። ከላይ አይቶ የሚሄድ ሰው ከታች ላለው ምን ዕዳ አለበት?

አዲስ አበባ የመጀመሪያውን አውሮፕላን ያየችው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ያበረረውን ፖቴዝ 25። እ.ኤ.አ. በ1934 ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው ዋልተር ሚተልሆልዘር ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፎከር አውሮፕላን ሲያደርስ ከተማዋን ከአየር ፎቶግራፍ አነሣት። ከዚያ ከፍታ ጣሪያ፣ አጥርና ዛፍ ይታያል፤ የሰው ፊት አይለይም። የአያቱን ግቢ የሚፈልግ ሰው ግን ያንኑ ጣሪያ ሲያገኝ ልቡ ይመታል፤ ከሥሩ ማን እንደነበረ ያውቃልና። ከፍታ በራሱ ክፉ አይደለም።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። በዚያ ጦርነት አብራሪ የነበረው የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ፣ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ቦምብ የወደቀባቸውን ፈረሰኞች ከምትፈነዳ ጽጌረዳ ጋር አመሳሰላቸው። ዓይኑ አልዋሸ ይሆናል፤ ከዚያ ከፍታ ያን ይመስል ይሆናል። ጥፋቱ ባየው መርካቱ ነው። ጎራዴ የያዘም ይጨክናል፤ ነገር ግን የገደልኩትን አላየሁም ማለት አይችልም።

መከራን መቅመስ ብቻውን አያስተምርም። እ.ኤ.አ. በሜይ 31 ቀን 1915 የጀርመን ዜፕሊን ለንደንን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደበድብ፣ ቦምብ ከወደቀባቸው ሰፈሮች አንዱ ከፊንስበሪ ፓርክ ብዙ የማይርቀው ስቶክ ኒውንግተን ነበር። ሆኖም በ1930ዎቹ መጀመሪያ በጄኔቫው የትጥቅ ቅነሳ ጉባኤ ላይ፣ ብሪታንያ በሩቅ ግዛቶች ቦምብ የመጣል መብቴ ይጠበቅልኝ ብላ ተከራከረች። የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክረስት በዉድፎርድ የድንጋይ ቦምብ ሐውልት ያቆሙት ይህን ለመቃወም ነው።

ርቀትም ከፍታ ነው። ዛሬ ፊንስበሪ ፓርክ ተቀምጦ በአገር ቤት ጦርነት ላይ የሚፈርድ ሐበሻ በስልኩ የሚያየው ካርታ፣ ጭስና ቁጥር ነው። የቱ ከተማ ተያዘ፣ የቱ ተለቀቀ ይላል፤ ያየው ሐሰት ላይሆን ይችላል። ነገር ግን «ይመታ» ከማለቱ በፊት እንደ እረኛው መውረድ አለበት፤ እዚያ ከተማ ላለ አንድ ሰው ደውሎ፣ ዛሬ ምን በላችሁ፣ ልጆቹስ የት አደሩ ብሎ መጠየቅ። መልሱ አቋሙን ላይለውጠው ይችላል። ያንን ቃል ግን እንደ ቀድሞው አቅልሎ አይናገረውም።