ስንኙን ማን ይስጠው?

ሊፈርስ ነው የተባለ ቤት ሰው አያጣም። በደኅናው ቀን በደጁ ሲያልፍ ያልገባው ሁሉ ለስንብት ይመጣል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. በ2024 መገባደጃ) የካዛንቺስ ሰፈር ለኮሪደር ልማት እንዲነሣ ሲወሰን፣ ፈንድቃ የተባለው የአዝማሪ ቤትም በነባር ቦታው የመጨረሻ ሳምንታቱን ኖረ። ቤቱ ስም ያለው ነበር። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ለዓመታት በሽልማት ብቻ እየጨፈረ፣ እዚያው እያደረ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2008 ተረክቦ ለሥዕልና ለጃዝ ጭምር መድረክ አድርጎታል። ስለዚህም መነሣቱ ከአገር አልፎ ወሬ ሆነ።

በዚያው ሰሞን የእንጀራ ሻጪቱም፣ የጫማ ሰፊውም ቤት ፈርሷል። ለእነርሱ ያላዘነ ሰው ለመድረክ ሲያለቅስ፣ ለቅሶው እውነተኛ ነውን? «ቤት በቤት ይተካል፤ ጥበብ ግን የሁሉም ሀብት ነው» የሚል መልስ አይጠፋም። ሲሰሙት ያምራል፤ ነገር ግን አዝማሪን አያውቅም።

አዝማሪ ብቻውን አይዘፍንም። የተቀመጠው ሰው «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል፤ እርሱም ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። ሰጪው ቂሙን፣ ፍቅሩን፣ የሰፈሩን ሐሜት በቅኔ ጠቅልሎ ያቀብላል። ሰሙ ለሁሉም ይደርሳል፤ ወርቁን የሚያገኘው ግን ማን ከማን እንዳኮረፈ የሚያውቅ ጎረቤት ነው። (የውጭ እንግዳ ወርቁ ሳይገባውም ያጨበጭባል። ነውር የለበትም፤ ቤቱን በገንዘቡ ካቆሙት አንዱ እርሱ ነው።) ጎረቤት ሲበተን የአዝማሪው ግማሽ አፍ አብሮ ይሄዳል። እንግዲህ የመድረኩና የእንጀራ ሻጪቱ ሐዘን ሁለት አይደለም፤ አንዱን ከሌላው ለይቶ የሚያለቅስ ሰው የሚያለቅስለትን ነገር ገና አላወቀውም።

ከተማ መለወጡ አዲስ ነገር አይደለም። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከተባለ ተቋም የመጣ ነው። ከአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት፣ ከጋራ መጸዳጃም ወጥቶ እፎይ ያለ ሰው ቢኖር ማንም ሊፈርድበት አይገባም። ሕጉም ቢሆን ጨርሶ ዓይኑን አልጨፈነም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ለተቋረጠ ማኅበራዊ ትስስር ካሳ እንደሚገባ ይደነግጋል። ይሁንና ካሳው የሚከፈለው ለየሰው ነው፤ ትስስሩ ደግሞ በአንዱም ኪስ ውስጥ ያልነበረ፣ በሰዎች መካከል የኖረ ነገር ነው። ለመካከሉ ማን ይፈርማል?

ከዚያ በኋላ ፈንድቃ በአንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ መጠጊያ አግኝቷል። መጠጊያ ማግኘቱ መልካም ነው። አዝማሪውም፣ ማሲንቆውም ያው ናቸው። «ተቀበል» የሚለው የድሮ ደንበኛ ግን በከተማዋ ዳር ከደረሰው ኮንዶሚኒየም ሁለት ታክሲ ይዞ መምጣት፣ ለሆቴል ቢራ የሚበቃ ገንዘብ መያዝ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓትም መመለሻ ማግኘት አለበት።